እጥፍ ይሁንላት

አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሲያማት ነው መጨነቅ ያለበት ወይስ ሕመሙ ጭራሽ ሲተዋት? ወይዘሮ ሶልያና ይህን ጥያቄ ሲያገላብጡት ሰነባብተዋል፤ መልስ ግን አላገኙለትም። ባለፈው ክረምት የልጅ ልጃቸው ፍኖት ወገቧን ይዛ ታቃስት ነበር። ያኔ ቅባት ይቀቧታል፣ በሞቀ ጨርቅ ይተኩሷታል፣ አሠልጣኞቹን በየስማቸው እየጠሩ ይረግሙላታል፤ ቢያንስ ሥራ ነበራቸው። ኋላ የምትሠለጥንበት የጂምናስቲክ ማዕከል አዲሱን ሸሚዝ አለበሳት። ሸሚዙ ገላዋ ላይ ካረፈ ወዲህ ልጅቷ «እህ» ብላ አታውቅም።

«ያምሻል?» ይሏታል፣ አከርካሪዋን በጣታቸው ጫን እያሉ።

«አያምም።»

«እዚህጋስ?»

«እኔ እንጃ እማማ። ሸሚዙ ያውቃል።»

«የሚታመመው ሸሚዙ ነው እንዴ?»

ፍኖት ትከሻዋን ትሰብቃለች። የእሷ ትከሻ ሲሰበቅ እንደ ሰው ትከሻ ከፍ ብሎ ዝቅ አይልም። ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ቦታውን እንደጠፋበት እንግዳ ጥቂት ይንከራተትና ይመለሳል። ወይዘሮ ሶልያና ይህን ላለማየት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

መስኮቱ የሚያሳየው ደብረ ብርሃንን ነው፤ ሽቅብ የወጡ ፎቆችና ከፎቆቹ በላይ የሚሽከረከሩ የነፋስ ማመንጫዎች። ብርዱ ብቻ ነው የድሮው። ወይዘሮ ሶልያና ልጅ ሳሉ የልጆች በሽታ ስልክ ነበር። እናታቸው «አንገትሽን ቀና አድርጊ!» እያሉ ሲጮኹባቸው ነው ያደጉት። ዛሬ አንገቷ ቀና ብሎ የሚቀር ልጅ ቤተሰቧን ታሳፍራለች። የሰፈር ልጅ ሁሉ ጂምናስቲክ ይሠራል፤ የሰፈር ወላጅ ሁሉ ስለ ጅማት ያወራል፤ ትናንት ጅማትን ከሥጋው ለይቶ የጣለ ሁሉ ዛሬ የጅማት ሊቅ ነው።

የፍኖት ቀን እንዲህ ይጀምራል። ሌሊቱን ሙሉ እግሮቿን ሲጎትት ያደረው አልጋ ጎህ ሲቀድ «ደህና አደርሽ» ብሎ ይለቃታል። ቁርሷን የምትበላው ወለል ላይ ነው፤ እግሮቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ ተረከዞቿን ከፍ ባሉ ሁለት እንጨቶች ላይ አሳርፋ፣ በመሐል ወደ መሬት እንደ ዘመመ ድልድይ ሆና። የቤት ሥራዋን በደረቷ ተኝታ፣ እግሮቿን በራሷ ላይ አሻግራ፣ ጣቶቿን ከደብተሯ ፊት አቁማ ትሠራለች። ገጽ ስትገልጥ አንዳንዴ የእግሯ አውራ ጣት ያግዛታል። እናቷ ያኔት «ወንበር ጅማት ያሳጥራል» ብላ ወንበሮቹን ሁሉ ከቤት አስወጥታለች። የቀረው የወይዘሮ ሶልያና ብቻ ነው፤ እሱንም ያስቀሩት በላዩ ተቀምጠው አልነሣም ብለው ነው።

ሊፍቱ ሌላ ጉድ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የፎቁን ልጆች ስም ይጠራል፤ ማን የበለጠ እንደ ላላች፣ ማን ካለፈው ሳምንት እንደ ደረቀች። በዚህ የተነሣ ሰላምታም ተለውጧል። «እንዴት አደራችሁ?» የሚል የለም። «እስከ የት ደረሰችላችሁ?» ነው የሚባባሉት። ወይዘሮ ሶልያና «እስከ ወጥ ቤት» ብለው ይመልሳሉ።

ከታች ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ብሌን ግን መልሱን አያስጨርሱም። የእሳቸው የልጅ ልጅ ሐሴት ባለፈው ዓመት እጥፍ ሆናለች። እጥፍ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ማዕከሉ የልጅቷን አከርካሪ ያላላዋል፤ ከዚያ በኋላ ወገቧ ወደ ኋላ እንደ ወረቀት ይታጠፋል። ሥዕሏ ሊፍቱ ውስጥ ተሰቅሏል፤ አገጯን በሁለት ተረከዞቿ መካከል አድርጋ ፈገግ ብላለች። ሥዕሉ የማያሳየው ሐሴት ዛሬ ደግፎ የሚያቆም ቀሚስ ካልለበሰች ቀጥ ብላ መቀመጥ እንደማትችል ነው። ቦርሳዋንም የሚሸከምላት ሌላ ሰው ነው።

«ሶልዬ፣ ሐር ሆናልሻለች እኮ!» ይላሉ ወይዘሮ ብሌን።

«እውነትሽን ነው። ሐር ደግሞ ዕቃ አይሸከምም።»

«አንቺ መቼም ክፉ አፍ አለሽ።»

«ክፉ ዓይን ከሚኖረኝ ይሻላል።»

እውነቱን ለመናገር ወይዘሮ ሶልያና ጂምናስቲክን አይጠሉም። በልጅነታቸው አይተውታል፤ ያኔ ስፖርቱ መተጣጠፍ ብቻ ሳይሆን ጉልበትም ነበረው። ልጆቹ በእጃቸው ቆመው ይሄዱ ነበር፤ ቀለበት ላይ ተንጠልጥለው እንደ መስቀል ቀጥ ይሉ ነበር። ዛሬ ጉልበት የድሆች ነገር ነው ተብሏል፤ ተመልካች የሚፈልገው ሰው ሲታጠፍ ማየት ነው። ፍኖት ግን ጉልበተኛ ናት። በማዕከሉ ጓሮ ከድሮ የቀረ አንድ ገመድ አለ፤ አሠልጣኞቹ ዞር ሲሉላት እግሮቿን ከፊቷ ቀጥ አድርጋ በክንዷ ብቻ ትወጣዋለች። አናቱ ላይ ስትደርስ ትስቃለች። ወይዘሮ ሶልያና ያቺን ሳቅ አንድ ቀን ሊወስዷት ሄደው በአጥሩ በኩል ሰምተዋታል። በቤት ውስጥ እንዲያ ስትስቅ ሰምተዋት አያውቁም። አከርካሪው የላላ ልጅ ደግሞ ገመድ አይወጣም። መንጠልጠል ክልክል ነው፤ የላላ አጥንት የገዛ ገላውን አይሸከምም።

ለዚህ ነው ወይዘሮ ሶልያና «አልፈቅድም» ብለው ወራት የቆዩት። ማዕከሉ ልጅ ለማላላት የሁለት የቤት አዋቂዎች ፈቃድ ይጠይቃል። አባትየው ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር ይዟልና አይቆጠርም። ያኔት የራሷን ፈቃድ ገና ሳትጠየቅ ሰጥታለች። የቀረው የአያቲቱ ነበር። ወይዘሮ ሶልያና «እኔን ገድላችሁ ነው!» አሉ፤ ማዕከሉም ጨዋ ነውና አልገደላቸውም፤ ጠበቃቸው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ማዕከሉ ለልጆቹ የሚልከው ምግብ ግራጫ ነገር ነው፤ ገንፎ እንዳይሉት ቅቤ የለው፣ ሙጫ እንዳይሉት ይበላል። ወይዘሮ ሶልያና ሳህኑን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት።

«ይቺን ነው ቀኑን ሙሉ ለምትገተር ልጅ የሚልኩት? ይህ እንኳን ለሰው ለድመትስ ይበቃል? አላፈሩም!»

ፍኖት በተዘረጋችበት ሆና «ይበቃል» አለች።

«አይበቃም! ጉንጭሽ እኮ ጠፋ!»

ይህን ጊዜ የቤቱ ግድግዳ በዚያ ለስላሳ የሴት ድምፁ ጣልቃ ገባ። «ወይዘሮ ሶልያና፣ ስለ ፍኖት አንድ ጥያቄ ከማዕከሉ አለዎት። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ እጥፍ ይሁንላት?»

ዓለም ለአንድ ጊዜ የሰማቻቸው መሰላቸው። «ይሁንላት እንጂ! ይህም ይጠየቃል? እጥፍ ድርብ ያድርግላት!»

«እናመሰግናለን። ፈቃድዎ ተመዝግቧል።»

ፍኖት ማንኪያዋን ይዛ ቀረች። አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ወይዘሮ ሶልያና እጃቸውን አጨብጭበው «አየሽ? ካልጮኹ የሚሰማ የለም» አሏት።

ያኔት ከነፋስ ማመንጫው ሥራዋ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እናቷ ጉልበት ላይ ተደፋች። ጉልበታቸውን ሳመች፤ አለቀሰችም።

«እማዬ፣ ተባረኪልኝ! አንድ ቀን ልብሽ እንደሚራራ አውቅ ነበር!»

«ምን አድርጌ ነው? ምግቡን ስላስጨመርኩ ነው ይህ ሁሉ?»

«የምን ምግብ?»

ያኔት ግድግዳውን አናገረችው። ግድግዳው የወይዘሮ ሶልያናን ድምፅ መልሶ አሰማ፤ እጥፍ ድርብ ያድርግላት! በራሳቸው ድምፅ፣ በዚያ ሞቅ ባለ የምርቃት ዜማ። አሮጊቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እኔ እኮ... እኔ እኮ ሁለት እጥፍ ምግብ ብዬ ነው!»

«እማዬ በሞቴ። በአፍሽ ሙሉ መርቀሻታል። ምርቃት ይመለሳል እንዴ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ወይዘሮ ሶልያና ግን አፋፍ ድረስ ሄደው ለማምጣት ቆረጡ፤ በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ማዕከሉ ወረዱ።

የማዕከሉ አዳራሽ መስታወት ነው፤ ወላጆች በአንድ ወገን ተቀምጠው ልጆቻቸው ሲገተሩ ያያሉ። በሌላው ወገን ልጆቹ በግድግዳው ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ ተደርድረዋል፤ አንድ እግር መሬት፣ አንድ እግር ከራስ በላይ። አንዱ አሠልጣኝ በድልድይ ቅርጽ የተቀለበሰች ሕፃን ሆድ ላይ መዳፉን ጭኖ ከባልደረባው ጋር ስለ ቤት ኪራይ ያወራል። የሚያለቅስ ልጅ የለም። ሁሉም ሸሚዝ ለብሰዋል። ወላጆቹ አልፎ አልፎ «ጎሽ!» ይላሉ፤ በሬ ጠምዶ ያላረሰ ሁሉ እዚህ ልጁን ጠምዶ ጎሽ ይላል።

በመግቢያው ያለው ጠረጴዛ ሰው የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው። «ወይዘሮ ሶልያና፣ እንኳን ደህና መጡ። ጉዳይዎን በአጭሩ ይናገሩ።»

«ቃሌን አጥፌያለሁ።»

«እጥፍ። ሁለተኛ ማረጋገጫ ተቀብለናል። እናመሰግናለን።»

«አላልኩም! ቃሌን አጠፍኩ ነው የምልሽ! አጠፍኩት!»

«እጥፍ። ሦስተኛ ማረጋገጫ ተቀብለናል።»

ከተቀመጡት ወላጆች አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ወይዘሮ ሶልያና ዞረው አዩዋት፤ ሳቋ ቆመ። በማዕከሉ አማርኛ የሚታጠፈው ሰው ብቻ ነው። ቃል እንደሚታጠፍ ያስተማረው የለም።

አሠልጣኝ ኪሩቤል ሳቁን ሰምቶ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ጥርሱ ነጭ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ራሱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት የሚከብደው ዓይነት። ወይዘሮ ሶልያና ይህን ባዩ ቁጥር ደማቸው ይፈላል።

«እማማ፣ ምነው ይለፋሉ? አንዴ መርቀውልናል እኮ።»

«አንተ ልጅ፣ ስማኝ። የመረቅኩት ሳህኑን ነው። አሁን ስረዝልኝ።»

«ሥርዓቱ አይሰርዝም። በግልጽ ተጠየቁ፣ በግልጽ መለሱ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞም የልጅቷን ልፋት አያባክኑባት። ከሁሉም የምትበልጥ ልጅ ናት፤ ክንዷ ብቻ ነው የሚያስቸግረን፣ በጣም ጠንክሯል። ካላላላናት ይደነድናል።»

«ልፋቷንስ አውቀዋለሁ። እኔ የምፈራው ማልፋትህን ነው። ቆዳ ነው እንዴ የሰጠንህ?»

«እማማ...»

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይሉሃል ይኸው ነው። የደህናን ልጅ አጥንት አላልተህ፣ መልሰህ የሚያቆም ቀሚስ ታለብሳለህ! እስቲ አንተ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለህ መሬት ንካ። እዚሁ። እኔ እያየሁ።»

የአሠልጣኙ ፈገግታ በቦታው ቀረ፤ ዓይኑ ግን ሄደ። «ማክሰኞ ጠዋት ራሴ እመጣለሁ» አለ። «ልጅቷ ራሷ ትጠየቃለች። ሕጉ ነው፤ ከአፏ ቃል ካልወጣ እጃችን አይነካትም። እሺ ካለች ግን እርስዎም ሆኑ እናቷ ምንም ማድረግ አትችሉም።» ሊሄድ ሲል ቆም አለ። «እስካሁን እሺ ያላለች ልጅ አላጋጠመችኝም።»

እንግዲህ የቀረው ፍኖትን ማሳመን ነበር። ወይዘሮ ሶልያና በሕይወታቸው ብዙ ሰው ተሳድበዋል፤ ሰው ማሳመን ግን አልለመዱም። ልጅቷ እግሮቿን ዘርግታ ጥያቄ ስትሠራ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ቀጭ አለ።

«ፍኖቴ፣ እምቢ ትያቸዋለሽ አይደል?»

«እምቢ ብዬ የት እገባለሁ?»

«የት ትገቢያለሽ? እዚሁ እቤትሽ ነሻ!»

«ከምድቡ ያስወጡኛል። ሊፍቱ ስሜን አይጠራም።»

«ይተወው! ሊፍት ስም ጠራ አልጠራ! እኔን አንድ ቀን ጠርቶኝ ያውቃል?»

«አንቺማ ወጥተሽበት ወርደሽበት ታበቂያለሽ። ትምህርት ቤት የምሄደው እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ሶልያና እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ ጥሩ ነበር። ልጅቷ እርሳሷን አስቀምጣ ነበር፤ ልትነግራቸው የፈለገችው አንድ ነገር ከንፈሯ ጫፍ ደርሶ ነበር። ጭንቀት ግን አፍ አያስይዝም።

«ሐሴትን አላየሻትም? ያቺ እርጥብ ጨርቅ! ሰው ናት አሁን እሷ? ቀሚሱን ቢያወልቁላት ወለሉ ላይ የምትፈስ...»

«ሐሴት ጓደኛዬ ናት» አለች ፍኖት።

«እኔ እኮ ለማለት የፈለግሁት...»

«ቦርሳዋን የምሸከምላት እኔ ነኝ። ከባድ አይደለም።» እርሳሷን አነሣች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም። ወይዘሮ ሶልያና ደጋግመው ሊጀምሩት ሞከሩ፤ ልጅቷ «እሺ እማማ» እያለች በዚያው በማያልቅ ትሕትና በሩን ዘጋችባቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ በሰው ተሞላ። ሰው ማለት ሦስት እንግዳ ነው፤ ግን ወንበር በሌለበት ቤት ሦስት እንግዳ ብዙ ነው። አሠልጣኝ ኪሩቤል ነጭ ለብሶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ወይዘሮ ብሌን ድፎ ዳቦ ይዘው መጥተዋል፤ ሐሴትንም አምጥተዋታል፤ እሷ በቀሚሷ ተደግፋ ግድግዳውን ተጠግታለች። ያኔት የክት ልብሷን ለብሳለች። ከታች መኪናው ይጠብቃል፤ ሊፍቱ አካባቢ ደግሞ ጎረቤቶች ሊያጨበጭቡ ተሰብስበዋል፤ ጉርምርምታቸው እስከ ላይ ይሰማል።

«እልል በሉ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ብሌን። «ቀብር መሰላችሁ እንዴ?»

«ብሌን፣ ዳቦሽን አስቀምጪና አፍሽን ሙይበት» አሉ ወይዘሮ ሶልያና ከወንበራቸው።

«እማዬ፣ ዛሬን ብቻ!» አለች ያኔት።

ፍኖት በመካከላቸው ቆማ ነበር። ፀጉሯ ተጎንጉኗል፣ የትምህርት ቤት ሹራቧን በሸሚዙ ላይ ደርባለች። አሠልጣኙ ጎሮሮውን ጠረገ። ሸሚዙ ከሹራቡ ሥር በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀ፤

«ፍኖት፣ ትስማሚያለሽ?»

ሁሉም ልጅቷን አዩ። ልጅቷ መሬቱን አየች።

«በይ የኔ ቆንጆ» አለች ያኔት። «አንድ ቃል ናት። እሺ በይ።»

«እምቢ በይ!» አሉ ወይዘሮ ሶልያና።

«እማዬ አትጫኛት!»

«እኔ ነኝ የምጫናት? አልጋ ላይ አስረሽ ሌሊቱን ሙሉ የምታስጎትቻት አንቺ ነሽ!»

«ልጄ እኮ ናት! እንደ እኔ በብርድ ብረት ላይ ስትንጠለጠል እንድትኖር ነው የምትፈልጊው?»

«መንጠልጠል ምን ነውር አለው? አንቺን እንጀራ ያበላሽ መንጠልጠልሽ ነው!»

«ፍኖት፣ ትስማሚያለሽ?»

«ልጅቷን አታስጨንቋት እንጂ» አሉ ወይዘሮ ብሌን። «የእኔዋ ወዲያው ነው እሺ ያለችው፤ አይደለም ሐሴት?»

ሐሴት ራሷን ነቀነቀች። አንገቷ ከተነቀነቀ በኋላ ለመቆም ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።

«የእርስዎ ብቻ አይደለችም» አለ አሠልጣኙ፣ ለወይዘሮ ሶልያና ነው፣ ግን ሁሉንም እያየ። «የከተማው ልጅ ናት። ከተማው ብዙ ደክሞባታል።»

«ከተማው? ከተማው አምጦ ወለዳት? አንተ ቆዳ አልፊ፣ ከቤቴ ውጣ!»

«ቤቱ የኔ ነው!» ጮኸች ያኔት። «እሱ የትም አይሄድም! የሰው ሁሉ ልጅ ላይ ስትስቂ ኖርሽ፤ አሁን የኔ ተራ ሆነ? አንቺ መቼ ነው አንድ ሰው ሳትንቂ የምትውዪው?»

«የሚናቅ ሲጠፋ ነዋ!»

«ፍኖት፣ ትስማሚያለሽ?»

ከዚህ በኋላ ማን ምን እንዳለ የለየ የለም። ያኔት ታለቅሳለች፤ ወይዘሮ ብሌን «ኧረ በሕግ!» ይላሉ፤ አሠልጣኙ ሰዓት እንደሚሄድበት ሰው እግሩን ያወዛውዛል፤ ወይዘሮ ሶልያና ወንበራቸውን ትተው ተነሥተዋል፣ ጣታቸው አየሩን ይወጋል። በዚያ ሁሉ መካከል ፍኖት ቀና አለች። እናቷን አየች። አሠልጣኙን አየች። ድፎ ዳቦውን አየች። በመጨረሻ አያቷን አየች፤ ወይዘሮ ሶልያናም የጀመሩት ስድብ አፋቸው ውስጥ ቀረ። ያን ዓይን ያውቁታል። ሕይወታቸውን ሙሉ ሰውን ያዩበት የነበረው የገዛ ዓይናቸው ነው፤ ከወዲያኛው ወገን ሆነው ሲያዩት ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ልጅቷ ሐሴት ወደ ቆመችበት ሄደች። የሐሴትን ቦርሳ ከመሬት አነሣችና በትከሻዋ አደረገች፣ እጇን ያዘቻት፣ ቀስ ብላ እንድትራመድ ጠበቀቻት። አሠልጣኙ በሩ ላይ ነበር።

«ቃልሽን ሳትሰጪ እኮ መኪናው አይነሣም» አላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ እየሳሳ።

ፍኖት በእሱና በበሩ መካከል ባለችው ክፍተት፣ ጓደኛዋን እያስቀደመች አለፈች። ሰው ወደ ተሰበሰበበት ሊፍት አልዞረችም፤ ማንም ወደማይሄድበት ደረጃ ታጠፈች። ሸሚዙ ከሹራቧ ሥር ሆኖ እየደጋገመ ሲጠይቃት፣ ድምፁ ፎቅ በፎቅ እየራቀ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰሙት፤ እሷ ግን ለሸሚዙም ለእነሱም አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጥታ ሄደች።